ነዕትን በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ብንማረውስ?



ድሬዳዋ ያደግን ብዙዎቻችን ሁለት ዓይነት ደብተር ይዘን ነው ያደግነው። አንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ፣ ሌላው የመድረሳው። ግማሹን ቀን «ቅጽል ስምን የሚገልጽ ቃል ነው» ስንል እንውላለን፤ ግማሹን ቀን ደግሞ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን «ነዕት መንዑቱን ይከተላል» እያልን ከኡስታዙ ጋር እንደግማለን። ሁለቱ ደብተሮች የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው። ቅጽልም ነዕትም ያው ገላጭ ቃል ነው። ይሁን እንጂ የመድረሳውን ደብተር ከትምህርት ቤቱ ጎን አስቀምጦ ያስተማረን ሰው ብዙ አልነበረም።

ይህን ርዕስ ያነሳነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በየዓመቱ የዐረብኛ ትምህርት ሲጀመር ክፍሉ ይሞላል፤ ትምህርቱ ነዕት ላይ ሲደርስ ግን መሳሳት ይጀምራል። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። በፕሮግራሞቻችን ላይ አንድ ወንድም ማይክ ይዞ «ረጅሙ እህታችን» ሲል፣ ወይም አንዷ እህት «አዲሱን መጽሐፍ» ለማለት «አዲስ መጽሐፉን» ስትል ከኋላ ሳቅ ይሰማል። ሳቁ አጭር ነው። የሳቀውም ሰው ወዲያው ይረሳዋል። የተሳቀበት ሰው ግን በሚቀጥለው ሳምንት ማይኩን አይቀበልም። ቁርኣን አሳምሮ የሐፈዘ፣ ፊቅህ የቀራ ወንድም በአንድ ቅጽል ምክንያት ዝም ይላል፤ ከእሱ መማር የነበረብን ነገርም አብሮት ይቀራል።

ለሁለቱም ችግሮች መፍትሔው አንድ ቦታ ያለ ይመስለናል፦ ቅጽል በየቋንቋችን እንዴት መልኩን እንደሚቀይር ማወቅ።

በየቀኑ የምንላቸው ነዕቶች

ከዐረብኛው እንጀምር። ነዕት መንዑቱን በአራት ነገር ይከተላል፦ በኢዕራብ (ዶማ፣ ፈትሓ፣ ከስራ)፣ በመታወቅና ባለመታወቅ (ማዕሪፋ እና ነኪራ)፣ በጾታ እና በቁጥር። በመድረሳ የምንቀራው «አል-ኣጁሩሚያህ»፣ በ723 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት የፋሱ ዓሊም ኢብኑ ኣጁሩም ያዘጋጁት መትን፣ በነዕት ምዕራፉ ኢዕራቡንና መታወቁን ብቻ ጠቅሶ ያልፋል። ጾታና ቁጥሩን የምናገኘው ከሸርሕ ነው። ስለዚህ መትኑን በቃሉ የሐፈዘ ተማሪ አራቱንም ካላወቀ አይገርምም።

ግን አራቱም በየቀኑ ከአፋችን ይወጣሉ። «አል-መስጂዱል ሐራም» ስንል መስጂድ ወንዴ ስለሆነ ሐራም እንዳለ ይቀመጣል። «መካህ አል-ሙከረማህ»፣ «አል-መዲናህ አል-ሙነወራህ» ስንል ከተሞቹ በሴት ጾታ ስለሚጠሩ ቅጽሎቹ መጨረሻቸው ላይ ታእ መርቡጣህ ይይዛሉ። «አል-ኹለፋኡር ራሺዱን» ስንል ኸሊፋዎቹ ብዙ ስለሆኑ ራሺድ ወደ ራሺዱን ይበዛል። «አል-ሐረመይን አሽ-ሸሪፈይን» ስንል ደግሞ ሐረሞቹ ሁለት ናቸውና ቅጽሉም ሁለት ይሆናል። አማርኛ ለሁለት የተለየ መልክ የለውም፤ እኛ ግን ሳናስተውለው ከልጅነታችን ጀምረን እንለዋለን።

ተማሪን የሚያስቸግረው አንድ ሕግ አለ፦ የሰው ያልሆነ ብዙ ስም ቅጽሉን እንደ አንዲት ሴት ይወስዳል። «አዳዲስ መጻሕፍት» ለማለት «ኩቱቡን ጀዲደህ» ይባላል፤ መጻሕፍቱ ብዙ ሆነው ሳለ ቅጽሉ ነጠላ ሴት ነው። ይህን የሰማ ተማሪ «ለምን?» ብሎ ይቆማል። መልሱ ከምናውቀው ቃል ውስጥ አለ፦ «አል-አስማኡል ሑስና»። አስማእ የስም ብዙ ቁጥር ነው። ሑስና ደግሞ የአሕሰን ሴቴ መልክ፣ ያውም ነጠላ። ሕጉን ከመማራችን በፊት ምሳሌውን በቃላችን ይዘነው ነበር ማለት ነው።

የመታወቅና ያለመታወቅ ጉዳይም እንዲሁ ነው። «ዒድ ሙባረክ» ስንል ሁለቱም ቃላት «አል» የላቸውም፤ ስለዚህ ሙባረክ ለዒድ ነዕት ይሆናል፣ «የተባረከ ዒድ» ማለት ነው። «ረመዳን ከሪም» ሲባል ግን ረመዳን የተጸውኦ ስም ስለሆነ የታወቀ ነው፤ ከሪም ግን «አል» የለውም። ስለዚህ አይከተለውም፤ ነዕት መሆኑ ቀርቶ ኸበር ይሆናል፣ «ረመዳን ለጋስ ነው» የሚል ሙሉ ዐረፍተ ነገር። በየሱቁ በር ላይ ከምናያቸው ሁለት ጽሑፎች አንዱ ሐረግ፣ ሌላው ዐረፍተ ነገር ነው። የለያቸውም ቅጽሉ ስሙን መከተሉና አለመከተሉ ብቻ ነው።

ደቻቱን ተሻግረን

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪና ዐረብኛ በአንድ ገበያ የሚሰሙባት ከተማ ሆናለች። ከከዚራ ተነስቶ ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ እስኪደርስ ድረስ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ቋንቋ ቢቀይር ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ቅጽሉ ግን በእያንዳንዱ ቋንቋ ሌላ ፀባይ አለው።

በአማርኛ ቅጽል ከስሙ ይቀድማል፤ ቀድሞም የስሙን ሸክም ይሸከማል። «ቤቱ» የነበረው «ትልቁ ቤት» ሲሆን የመታወቅ ምልክቱ ከቤት ላይ ተነስቶ ትልቅ ላይ ይቀመጣል። ቤቱን የገዛ ሰው ካለም «ትልቁን ቤት ገዛ» እንላለን፤ የተሳቢነት ምልክቷ «ን» እንኳ ከስሙ ሸሽታ ቅጽሉ ላይ ናት። ጾታም እዚያው ናት፦ «ረጅሙ ልጅ»፣ «ረጅሟ ልጅ»፤ ልጅ የሚለው ቃል አልተነካም፣ ወንድ ይሁን ሴት የነገረን ቅጽሉ ነው። ግዑዙን ነገር ለማቆላመጥም «ትንሿ ቤት» እንላለን። በደብዳቤ ላይ «ክቡር» እና «ክብርት» ብለን የምንለየው ደግሞ ከግዕዝ የወረስነው የቆየ መልክ ነው።

በአፋን ኦሮሞ ቅጽል እንደ ዐረብኛው ከስሙ በኋላ ይመጣል። ረጅም ወንድ ልጅ «ጉርባ ዼራ»፣ ረጅም ሴት ልጅ «ኢንተላ ዼርቱ» ናት። ቀይ ለወንዴ «ዲማ»፣ ለሴቴ «ዲምቱ»፤ ጥቁር «ጉራቻ» እና «ጉራቲ»። ከዚህ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ ስሙ ባለቤት ሆኖ አንድ ነገር ሲሠራ መጨረሻው ይለወጣል፣ ቅጽሉም አብሮት ይለወጣል። «ረጅሙ ልጅ መጣ» ለማለት «ጉርባን ዼራን ዹፌ» ይባላል። ለሴቷ «ኢንተሊ ዼርቱን ዹፍቴ» ነው። ስሙም ቅጽሉም የባለቤትነት ምልክት ያዙ። ይህ በመድረሳ ቋንቋ ምን ይባላል? ረፍዕ! መንዑቱ መርፉዕ ሲሆን ነዕቱም መርፉዕ ይሆናል የሚለውን ሕግ የኦሮምኛ ተናጋሪው ተማሪ ገና ፊደል ሳይቆጥር ከእናቱ ተምሮታል።

በሶማልኛም ቅጽል ከስሙ በኋላ ይመጣል፤ ጾታ ግን አይለይም። ረጅም ወንድ «ኒን ዼር»፣ ረጅም ሴት «ናግ ዼር» ናት። ቃሉ የኦሮምኛው «ዼራ» ዘመድ መሆኑ ግልጽ ነው፤ አንዱ ጾታ ሲለይ ሌላው አይለይም። የመታወቅ ምልክቱም ስሙ ላይ ብቻ ይቀራል፦ ትልቅ ቤት «ጉሪ ዌይን»፣ ትልቁ ቤት «ጉሪጋ ዌይን»። ነገር ግን ሁለት ቅጽል ከተከታተለ ሶማልኛ ስሙ የታወቀ መሆን አለመሆኑን በመካከላቸው ይመሰክራል። «ትልቅ አዲስ ቤት» ሲል «ጉሪ ዌይን ኦ ዑሱብ»፣ «ትልቁ አዲስ ቤት» ሲል «ጉሪጋ ዌይን ኤ ዑሱብ» ይላል። «ኦ» ለነኪራ፣ «ኤ» ለማዕሪፋ መሆኑ ነው።

ሐረሪን በተመለከተ በጀጎል ውስጥ የታወቀውን ገበያ ስም ማስታወስ ይበቃናል፦ «ጊድር መጋላ»፣ ታላቁ ገበያ። ጊድር ትልቅ ማለት ነው፤ እንደ አማርኛው ከስሙ ቀድሟል።

እንግዲህ እናስተያየው። አማርኛ ሸክሙን ለቅጽሉ ያሸክማል። ሶማልኛ ለስሙ ይተወዋል። ዐረብኛ ሁለቱም እንዲሸከሙ ያዛል፦ «አል-በይቱል ከቢር»፣ ቤቱም «አል»፣ ትልቁም «አል»። «አል-ጀዲዱ ኪታብ» የሚል ጀማሪ ተማሪ ዐረብኛ አልገባውም ማለት አይደለም፤ «አዲሱ መጽሐፍ» የሚለውን አማርኛ በዐረብኛ ቃላት እየተናገረ ነው። «ረጅሙ እህታችን» ያለው ወንድምም ጾታ የማይለይ ሰው አይደለም፤ በሶማልኛው «ዼር» ለወንድም ለሴትም አንድ ስለሆነ ነው። «አዲስ መጽሐፉን» ያለችው እህትም ምልክቱን ስሙ ላይ ያኖረችው የራሷ ቋንቋ እዚያ ስለሚያኖረው ነው። ሦስቱም ሕግ አልጣሱም። የአንዱን ቋንቋ ሕግ በሌላው ላይ ነው የጠበቁት።

ሦስቱ ቋንቋዎች የሚስማሙበት ነገርም አለ። ብዙ ነገር ለመግለጽ ቅጽሉን በከፊል ይደግሙታል። በአማርኛ ትልቅ «ትልልቅ»፣ ረጅም «ረጃጅም»፣ ደግ «ደጋግ» ይሆናል። በኦሮምኛ ጉዳ «ጉርጉዳ» ይሆናል። በሶማልኛ ዌይን «ዋዌይን»፣ የር «የርየር»፣ ዼር «ዻዼር» ይሆናል። የሴም ይሁን የኩሽ ቋንቋ፣ እዚህ አካባቢ ሲበዛ ይደጋገማል። ዐረብኛም ቃሉን ከውስጥ ይሰብራል፦ ከቢር «ኪባር»፣ ጠዊል «ጢዋል»። «ጀምዕ ተክሲር» የሚባለው ምዕራፍ ሲመጣ «ረጅም፣ ረጃጅም» ብሎ ያደገ ልጅ የሚደነግጥበት ምክንያት የለም።

ቅጽልን ከስሙ ጋር ማስማማት የእኛ ሰፈር ነገር ብቻ እንዳይመስለን አንድ ሩቅ ምሳሌ እንጨምር። በሰሜን አውሮፓ የሚነገረው ኢስቶኒያኛ ጾታ አይለይም፣ እንደ «አል» ያለ ምልክትም የለውም። ስሙ ግን በዐረፍተ ነገር ውስጥ እንደ ሥራው 14 መልክ ይይዛል። ቅጽሉ በ10ሩ ስሙን ይከተላል፦ «በትልቁ ቤት ውስጥ» ለማለት «ሱረስ ማያስ» ይላሉ፣ ሁለቱም «ስ» ይዘዋል። በቀሩት 4ቱ ግን፣ እነሱም «እስከ»፣ «እንደ»፣ «ያለ» እና «ጋር» የምንላቸውን የሚተኩት ናቸው፣ ቅጽሉ የባለቤትነትን መልክ እንደያዘ ይቆማል፤ ምልክቱን ስሙ ብቻ ይሸከማል፦ «ከትልቁ ቤት ጋር» ሲሉ «ሱረ ማያጋ» ነው። አንዱ ቋንቋ እዚህ ድረስ ይከተላል፣ ሌላው እዚያ ጋር ይቆማል። ድንበሩን ያሰመረው ልማድ ነው፤ ከዕውቀት ማነስ ጋር ግንኙነት የለውም።

አንድ ሐረካ ምን ይለውጣል?

«ታዲያ ቅጽል ስሙን ተከተለ አልተከተለ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ሊኖር ይችላል። የምህንድስና ተማሪዎች ነንና በምናውቀው እንመልስ። በዲጂታል ኮሙኒኬሽን መልእክት ስንልክ ፓሪቲ ቢት እንጨምርበታለን። ቢቱ አዲስ መረጃ አይዝም፤ ሥራው የተላከው ነገር በመንገድ ላይ እንዳልተበላሸ ማረጋገጥ ነው። ቅጽል የስሙን ጾታ፣ ቁጥርና ኢዕራብ ሲደግም ይህንኑ ይሠራል። ጫጫታ በበዛበት ቀፊራ ገበያ መሃል ስሙ ቢያመልጠን እንኳ ቅጽሉ ስለ ማን እንደተወራ ይነግረናል። ብሎንና ዳዶም እንደዚሁ ናቸው፤ ጥርሳቸው ካልገጠመ ዳዶው የዚያ ብሎን አይደለም።

በዐረብኛ ይህ መግጠም ትርጉምን ይወስናል። «ባቡል በይቲል ከቢሩ» ካልን ትልቁ በሩ ነው። «ባቡል በይቲል ከቢሪ» ካልን ትልቁ ቤቱ ነው። ቃላቱ አንድ፣ ቅደም ተከተሉ አንድ፤ የተለየው የመጨረሻዋ ሐረካ ብቻ። በአማርኛ «የቤቱ ትልቅ በር» እና «የትልቁ ቤት በር» ብለን ቦታ በመቀየር የምንለየውን ዐረብኛ በአንዲት ዶማና በአንዲት ከስራ ይለየዋል።

ይህ ከፍ ብሎ የሚታየው በቁርኣን ነው። በሱረቱል ቡሩጅ 15ኛው አንቀጽ ላይ «አል-መጂድ» የሚለው ቅጽል አለ። እኛ በምንቀራው የሐፍስ ከዓሲም ሪዋያ፣ እንዲሁም በአብዛኞቹ ቁርራእ ዘንድ በዶማ «አል-መጂዱ» ተብሎ ይነበባል፤ ያን ጊዜ ገላጭነቱ ለአላህ ነው። ሐምዛህ እና አል-ኪሳኢ ግን በከስራ «አል-መጂዲ» ብለው ቀርተውታል፤ ያን ጊዜ የሚገለጸው ዓርሹ ነው። በዚያው ሱራ መጨረሻ 22ኛው አንቀጽ ላይ «መሕፉዝ» የሚለውን ናፊዕ በዶማ ሲቀሩት የተጠበቀው ቁርኣኑ ይሆናል፤ ሌሎቹ በከስራ ሲቀሩት የተጠበቀው ለውሑ ይሆናል። ሁለቱም ንባቦች በተዋቱር የተላለፉ፣ ሁለቱም ትርጉሞች እውነት ናቸው። አንቀጹ ላይ ስንቆም ሐረካዋ ስለምትወድቅ ልዩነቱ ለጆሮ አይሰማም፤ ለተማረ ሰው ግን አለ። ነዕትን «አሰልቺ ምዕራፍ» ብለን ስንዘለው የምንዘለው ይህን ነው።

ከሳቅ ወደ ጥያቄ

ስለዚህ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በጀመዓችን የዐረብኛ ትምህርት የነዕት ምዕራፍ ሲጀመር መጽሐፉ ከመከፈቱ በፊት ሰሌዳው ለአምስትና ለአሥር ደቂቃ ለተማሪዎች ይሰጥ። «ረጅም ልጅ»፣ «ረጅሟ ልጅ»፣ «ረጃጅም ልጆች» የሚሉትን እያንዳንዱ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይጻፍ። ኢዕራቡን ለማስረዳት የኦሮምኛው ተናጋሪ ይቅረብ፤ ማዕሪፋን ለማስረዳት የአማርኛውና የሶማልኛው ተናጋሪዎች ይቅረቡ፤ ጾታን ኦሮምኛና አማርኛ፣ ብዙ ቁጥርን ሦስቱም ያስረዱ። የነዕት ሕግ አራት እግር አለው ካልን፣ አራቱም እግሮች ከመጀመሪያው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠዋል። ኡስታዙ የሚቀረው ማገናኘት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ አንድ ሰው በቅጽል ሲሰናከል ከመሳቅ እንጠይቀው፦ «በእናንተ ቋንቋ እንዴት ይባላል?» ይህ ጥያቄ ተናጋሪውን ከተሳሳተ ሰው ወደ አስተማሪ ይቀይረዋል። በሱረቱር ሩም 22ኛው አንቀጽ የቋንቋዎቻችን መለያየት ከአላህ ምልክቶች አንዱ ሆኖ ተነግሮናል። ምልክት የሚታየው ሊስተዋልና ሊጠና ነው፤ መሳለቂያ ሊሆን አይገባም።

ሦስተኛ፣ ማረም ካስፈለገ ከማይኩ ርቀን፣ ለብቻ እናርም። የምንታረመውም በሁሉም አቅጣጫ ይሁን። አማርኛ የሚያርም ሰው «ኢንተላ ዼራ» ሲል ኦሮምኛው ሲታረም ደስ ሊለው ይገባል። በዚህች ከተማ አምስት ቋንቋ አሟልቶ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው። በአንዱ የሚያርም በሌላው ተማሪ ነው።

እንዲህ ካደረግን የመድረሳው ደብተርና የትምህርት ቤቱ ደብተር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ። ማይኩን የተወው ወንድምም፣ ድምፅዋን የቀነሰችው እህትም ወደ መድረኩ ይመለሳሉ። ነዕት መንዑቱን ሲከተል ያምርበታል፤ ጀመዓም ወንድሙን ወደ ኋላ ሳያስቀር ሲሄድ ያምርበታል።

አላህ የሚጠቅመንን ያሳውቀን፣ ባሳወቀንም ይጥቀመን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።